ስለ መብራት ሒሳብና ስለ ቆላማው ይፋት ተከራዮች
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ከትምህርታችንም ከአገር ጉዳይም የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ይኸውም በየወሩ ወደየቤታችን ስለሚመጣው የመብራት ሒሳብ ነው። ሆኖም በሸዋ ሮቢት በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች ወር በደረሰ ቁጥር የሚቀያየሙበት፣ ተከራይ ከአከራይ ጋር የሚጣላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሒሳብ ነው። የጠቡ ሥር ግን ያለው በሰዎቹ ክፋት ሳይሆን በሒሳቡ አሠራር ውስጥ መሆኑን ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ቆጣሪው የሚቆጥረው ምንድን ነው? የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የቀድሞው ንባብ ከአሁኑ ንባብ ሲቀነስ የወሩ ፍጆታ ይገኛል፤ ይህ በዋጋ ተባዝቶ፣ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት የሚከፈለው ሒሳብ ይወጣል።

ዋጋው ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ቤት የሚያደርሰውና ሒሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተባለ። በ1998 ዓ.ም. በወጣው ታሪፍ የመኖሪያ ቤት የመጀመሪያ 50 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዱ 0.2730 ብር፣ ቀጣዩ 50 እያንዳንዱ 0.3564 ብር፣ ከዚያ በላይ ያለው 100 ደግሞ እያንዳንዱ 0.4993 ብር ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ጭማሪ ሲደረግ የመጀመሪያው ደረጃ በነበረበት እንዲቆይ ተደረገ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን ሁለተኛው 0.7670፣ ሦስተኛው 1.6250 ብር ደረሰ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል ሌላ የአራት ዓመት ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ቁጥሩ ቢለዋወጥም መሰላሉ አልተነሣም። ዓላማውም መልካም ነው፤ ጥቂት የሚጠቀመው ድሃ በርካሽ ያግኝ፣ ብዙ የሚጠቀመው ይበልጥ ይክፈል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን መሰላል ይዘን ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሮቢት እንውረድ። በደጋው ጋቢ ደርቦ ማደር ይበቃል፤ በቆላው ግን ሙቀቱ ሌሊትም አያስተኛም። ስለዚህ ማራገቢያ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የአንድ መጠነኛ ቤተሰብ ፍጆታ እናስላ። 10 ዋት የሆኑ ሦስት አምፖሎች በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ በወር 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 60 ዋት የሆነ ማራገቢያ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሠራ 14.4፤ 80 ዋት የሆነ ቴሌቪዥን በቀን 4 ሰዓት ቢከፈት 9.6፤ 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ በወር በአራት ጋገራ 21። ድምሩ 49.5 ነው። እንግዲህ ይህ ቤተሰብ በመጀመሪያው ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሟል። እንግዳ መጥቶ አምስተኛ ጋገራ ቢጨመር ደረጃውን ያልፋል። ታሪፉ ደጋና ቆላን ስለማይለይ ማራገቢያው ብቻ የሚወስደው 14.4 የቆላው ሰው በሙቀቱ ምክንያት የሚከፍለው ዕዳ ነው ማለት ይቻላል።

ትልቁ ችግር ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። በከተማው ብዙው ተከራይ የራሱ ቆጣሪ የለውም፤ ሦስትም አራትም ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 45 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀሙ እንበል። በ2014ቱ ዋጋ፣ የአገልግሎት ክፍያውን ትተን፣ ለየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው አራቱ በድምሩ 49 ብር ከ14 ሳንቲም ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲሆን ግን ፍጆታው 180 ይሆንና የመጀመሪያው 50 በ13.65፣ ሁለተኛው 50 በ38.35፣ የቀረው 80 በ130 ብር ይታሰባል፤ ድምሩም 182 ብር ይሆናል። ይህ እያንዳንዱን ደረጃ ለየብቻው ስንይዝ ነው፤ ሙሉው ፍጆታ በደረሰበት ደረጃ ዋጋ ቢባዛማ 292 ብር ከ50 ሳንቲም በሆነ ነበር። አንድም ሰው ተጨማሪ አምፖል አላበራም፤ አንድም ሰው አላባከነም። ለድሃ ተብሎ የተቀመጠው የመጀመሪያው ደረጃ ድሃውን ሳያገኘው ቀረ፤ ምክንያቱም ደረጃው የሚያውቀው ቆጣሪን እንጂ ቤተሰብን አይደለም።

አከራዩም ሒሳቡ ለምን እንደናረ ስለማይገባው «ማራገቢያ አትሰኩ፣ በዚህ ግቢ ምጣድ ክልክል ነው» ይላል። ተከራዩም እንደተበዘበዘ ይቆጥረዋል። ሁለቱም የተጣሉት በመሰላሉ ምክንያት መሆኑን አላወቁም።

ሁለተኛው የጠብ ምንጭ ንባብ ነው። አንባቢው አንድ ወር ሳይመጣ ቀርቶ በሚቀጥለው ወር የሁለቱን በአንድነት ቢያነብና 90 ኪሎዋት ሰዓት እንደ አንድ ወር ፍጆታ ቢታሰብ፣ በሁለት ወር 24 ብር ከ57 ሳንቲም ይከፍል የነበረው ቤት 44 ብር ከ33 ሳንቲም ይጠየቃል። በግምት የተሞላ ንባብም እንዲሁ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሊያሻግር ይችላል። ስለዚህ ሒሳብ ሲደርሰን ከብሩ አስቀድመን ሁለቱን ንባቦችና የተነበቡበትን ቀን እንመልከት፤ የአሁኑንም ንባብ ከቆጣሪው ፊት ቆመን እናመሳክር። ልዩነት ካለ ሳይውል ሳያድር ማመልከት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት ሦስት ነገር ይቻላል። አንደኛ፣ አቅም ያለው ግቢ ለየቤቱ ቆጣሪ እንዲገባለት ያመልክት። የአገልግሎት ክፍያው አራት ጊዜ መከፈሉ እውነት ነውና ይህንም አስልቶ ይወስን። ሁለተኛ፣ ይህ የማይቻልበት ግቢ በእያንዳንዱ ቤት ንዑስ ቆጣሪ አስገብቶ ሒሳቡን በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በፍጆታ ይከፋፈል። በአንዲት አምፖል የምትኖር አሮጊት ፍሪጅ ካለው ጎረቤቷ እኩል ልትከፍል አይገባም። ሦስተኛው የመንግሥት ድርሻ ነው፤ ታሪፍ የሚያጠኑና የሚያጸድቁ ክፍሎች በአንድ ቆጣሪ የሚኖሩ ቤተሰቦች ቁጥር ተመዝግቦ የመጀመሪያው ደረጃ በዚያው መጠን እንዲሰፋ ቢያደርጉ፣ የታሪፉ መልካም ዓላማ ወደታሰበለት ሰው ይደርሳል።

እኛ ተማሪዎችስ? ለዕረፍት ወደ ሮቢትና ወደ ሌሎቹ የይፋት ከተሞች ስንመለስ አንድ እርሳስና አንድ ወረቀት ይበቃናል። በየግቢው የአንድ ወር ሒሳብ ከአከራዩም ከተከራዩም ጋር አብረን ብናሰላ፣ ቢያንስ ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩበት ነገር አንድ ይሆናል። መደመርና መቀነስ ተምረን ለወላጆቻችን የመብራት ሒሳብ ካልጠቀመ ትምህርታችን ለማን ይሆናል?