የሸይኾቻችን ድምፅ አማና ነው
(በአሰላ ለመስጂድ ጀመዓ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምንነጋገረው ቀላል ስለሚመስል ሥራ ነው፤ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡትን የደርስ ካሴቶች ወደ ዲቪዲ ስለመገልበጥ። «ይህ የሱቅ ሥራ አይደለም እንዴ? መስጂድ ምን አመጣው?» የሚል ሊኖር ይችላል። ንግግራችንን እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ ይፍረደን።

በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ እስከ በቆጂ፣ ከሁሩታ እስከ ኮፈሌና አሳሳ፣ ሸይኾቻችን ቁርበት ላይ ተቀምጠው ኪታብ አቅርተዋል። ደረሳው ስንቁን ተሸክሞ፣ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ በእግሩ እየተጓዘ ቀርቷል። ብዙዎቹ ሸይኾች መጽሐፍ አላሳተሙም። ዕውቀታቸው ያለው በተማሪዎቻቸው ልብ ውስጥ ነው። ቴፕ ሪከርደር ወደ ገጠሩ ከገባ በኋላ ደግሞ ከድምፃቸው ጥቂቱ በካሴት ላይ ቀረ። አሁን ሸይኾቹ አንድ በአንድ ወደ አኼራ እየሄዱ ነው። ካሴቱም እየሄደ ነው። የእኛ አገር ብርድና እርጥበት ክሩን ያሻግተዋል፤ አይጥ ይበላዋል፤ ልጆች ክሩን እየጎተቱ ይጫወቱበታል። ቴፑ ራሱ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው እየጠፋ ነው። አንድ ሸይኽ በአፋን ኦሮሞ እየተረጎሙ ያቀሩት ፊቅህ በዓለም ላይ ያለው በዚያ በአንዱ ካሴት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ክሩ የተቆረጠ ዕለት ደርሱም ተቆረጠ ማለት ነው።

ዕውቀት በመገልበጥ እንደሚቆይ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በየማማ ጦርነት ቁርኣንን በልባቸው የያዙ ሰሓቦች በብዛት ሸሂድ በሆኑ ጊዜ፣ ዑመር (ረ.ዐ.) ለአቡበክር (ረ.ዐ.) ስጋታቸውን አቀረቡ፤ ሥራውም ለዘይድ ኢብን ሣቢት ተሰጠ። ዘይድ ራሳቸው ቁርኣንን በልባቸው የያዙ ነበሩ፤ ነገር ግን በራሳቸው ትውስታ ብቻ አልተማመኑም። ከተጻፈውም ከሰዎች ልብም ሰበሰቡ፤ አመሳከሩ። ያ ጽሑፍ በኋላ በእናታችን በሐፍሷ (ረ.ዐ.) እጅ ተቀመጠ። በዑስማን (ረ.ዐ.) ዘመን ቅጂዎች ተባዝተው ወደ ከተሞች ሲላኩ ዋናው ከእርሳቸው ተወስዶ ተገለበጠ፤ ከዚያም ተመለሰላቸው። የሸይኾቻችንን ደርስ ከአላህ ቃል ጋር እያወዳደርን አይደለም፤ ሐሻ። ሥርዓቱን ግን እንማርበታለን፤ ዋናው በታመነ እጅ ይቀመጣል፤ ግልባጩ ከዋናው ጋር ይመሳከራል፤ ከዚያ በኋላ ይሰራጫል።

በቅርቡም ዘመን ምሳሌ አለን። ሸይኽ በክሪ ሳጳሎ በሐረርጌ ያስተማሩ፣ ለአፋን ኦሮሞ የራሱን ፊደል የቀረጹ ዓሊም ነበሩ። ከሥራዎቻቸው ብዙዎቹ ማተሚያ ቤት አላዩም፤ በተማሪዎች የእጅ ግልባጭ ነው የተሰራጩት። እርሳቸው በ1980 እ.ኤ.አ. በሶማሊያ በስደት ላይ እያሉ ሲሞቱ፣ ስማቸውም ሥራቸውም ያልጠፋው የገለበጡ እጆች ስለነበሩ ነው። በግብፅ ደግሞ የቁርኣን ሊቃውንት ሙሉውን ቁርኣን በድምፅ ለማስቀረት ተነሡ፤ ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ቀርተውት በ1961 እ.ኤ.አ. በሸክላ ወጣ። ዛሬ በየቤታችን በሞባይል የምንሰማው ያ ድምፅ መነሻው ሸክላ ነው። መሣሪያው ይለዋወጣል፤ አማናው ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፦ ለምን ዲቪዲ? በአንድ ካሴት ላይ የሚገባው 90 ደቂቃ ነው። በሲዲ ላይ 700 ሜጋባይት ይገባል። በተራው ዲቪዲ ላይ 4.7 ጊጋባይት፣ «ደብል ሌየር» በሚባለው ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ ላይ ደግሞ 8.5 ጊጋባይት ይገባል። ለንግግር የሚበቃ ጥራት ባለው ኤምፒ3፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ብንቀዳ፣ የአንድ ሰዓት ደርስ የሚይዘው ወደ 29 ሜጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ በሲዲ 24 ሰዓት፣ በተራው ዲቪዲ ወደ 160 ሰዓት፣ በደብል ሌየሩ ከ290 ሰዓት በላይ ይገባል። አንድ ተራ ዲቪዲ ከመቶ በላይ ካሴት ዋጠ ማለት ነው። የአንድ ሸይኽ የዕድሜ ልክ ደርስ በእጅ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ብሉ ሬይ የሚባለው 25 ጊጋባይት ይይዛል፤ ግን የራሱን መጻፊያና ማንበቢያ ይፈልጋል። ገጠር ያለች እናት ቤቷ ባለው ማጫወቻ የማትሰማው ዲስክ ለእኛ አይጠቅመንም።

«በኢንተርኔት ብንልከውስ?» ለሚሉ ወጣቶች፦ መስመሩ በሰከንድ 100 ኪሎባይት ቢሰጠን እንኳ፣ አንድ ዲቪዲ ሙሉ ለመላክ ሳይቋረጥ 13 ሰዓት ይፈጃል። በቆጂ የሚሄድ ሚኒባስ ከዚያ በፊት ደርሶ ይመለሳል። «ፍላሽስ?» ለሚሉ፦ ፍላሽ ለመጓጓዣ ጥሩ ነው፤ ለማስቀመጫ ግን አይታመንም። ቫይረስ ይገባበታል፤ ልጅ ያጠፋዋል፤ ሌላ ሰው ይጽፍበታል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲቪዲ፣ «አር» የሚለው ምልክት ያለበት፣ ከተዘጋ በኋላ አንዲት ቃል አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። እየተሰረዘ የሚጻፍበት፣ «አርደብሊው» የሚባለው፣ ለዋናው ቅጂ አይሁን።

ሁለተኛ፦ አቀዳዱ። የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ጋር በገመድ ማገናኘት ነው። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይቀዳል። ድምፁ ቀዩን መስመር እንዳይነካ፤ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። ካሴት በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ መቶ ካሴት ማለት 150 ሰዓት ነው። በየምሽቱ ከመግሪብ በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ብንሠራ 75 ምሽት ይወስዳል። ለዚህ ነው አንድ ሰው የማይችለው፤ ጀመዓ የሚያስፈልገው።

ሦስተኛ፦ አጻጻፉ። ጨረሩ ዲስኩ ውስጥ ያለውን ቀለም በሙቀት እየለወጠ ነው የሚጽፈው፤ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር ይሄዳል። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ዲስኩ ሞተ፤ መልሶ አይጻፍበትም። የአሰላን መብራት ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ይሻላል፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። 4.7 የሚለው የፋብሪካው አቆጣጠር በሺህ ነው፤ ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥር 4.38 ገደማ ብሎ ያሳያችኋል፤ ሻጩ አላታለላችሁም። ቢሆንም እስከ አፉ አትሙሉት፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የዲስኩ ዳር ነው። ከፍተኛውን ፍጥነት አትምረጡ፤ በ4 እጥፍ ፍጥነት አንድ ተራ ዲቪዲ በ15 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ሲጻፍ ኮምፒውተሩን ለሌላ ሥራ አታስጨንቁት። ሲያበቃ ዲስኩ ይዘጋ። ደብል ሌየሩን አንዳንድ የቆዩ ማጫወቻዎች አያነቡትም፤ ለመስጂድና ለመድረሳ ማስቀመጫ ይሁን፤ ለየቤቱ ተራው ይታደል።

አራተኛ፦ ሙቃበላ። ይህ የንግግራችን እምብርት ነው። ኡለሞቻችን ኪታብ ሲገለብጡ ጽፈው ሲጨርሱ ሥራው አለቀ አይሉም ነበር። ግልባጩን ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አንብበው፣ የጎደለውን ሞልተው፣ በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርገው ነው «ተፈጸመ» የሚሉት። የመጻፊያ ፕሮግራሞችም ይህንኑ የሚያደርግ «ቬሪፋይ» የሚባል ምርጫ አላቸው፤ ኮምፒውተሩ የተጻፈውን መልሶ አንብቦ ከዋናው ጋር ያመሳክራል። ጊዜ ስለሚወስድ ብዙ ሰው ይተወዋል። እኛ አንተወውም። ከዚያም ዲስኩ በሌላ ኮምፒውተር ይሞከር፤ የጻፈው መሣሪያ የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ ሌላው እምቢ የሚልበት ጊዜ አለና።

ኮምፒውተር ግን የማያየው ስህተት አለ። የሁለተኛው ካሴት ፊት ከሦስተኛው ጀርባ ጋር ቢለዋወጥ፣ የአንዱ ሸይኽ ደርስ በሌላው ስም ቢመዘገብ፣ ማሽኑ «ትክክል ነው» ይላል። ስለዚህ ኪታቡን የቀራ ደረሳ ኪታቡን ዘርግቶ መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን ያዳምጥ። ዑስማን (ረ.ዐ.) ሙስሐፉን ወደ ከተሞች ሲልኩ አብሮ የሚያስቀራ ሰው ልከዋል። ዲስኩም የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል።

አምስተኛ፦ ሙሉውን ማስቀመጥ። ሸይኹ ያሳሉበት፣ ደረሳው የጠየቀበት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን የመታበት ሁሉ ይቀመጥ። ከረጅም ደርስ አንድ አንቀጽ ተቆርጦ ብቻውን ሲሰማ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ይህን ከማናችሁም በላይ ልንነግራችሁ አንችልም፤ በጥር 2005 «ጅሃዳዊ ሐረካት» በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የታሰሩ ወንድሞቻችንን ቃል በቁራጭ በቁራጩ አይታችኋል። ተመልካቹ ከፊትና ከኋላ ምን እንደተባለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በእኛ ላይ ሲሆን የምንጠላውን እኛ በሌላው ላይ አንሥራው። በመካከላችን በመስአላ የምንለያየው ሸይኽ ቢሆን እንኳ ንግግሩ ሙሉውን ይቀመጥ። ለትምህርት ቁራጭ ከወጣ «ቅንጫቢ» ተብሎ ይጻፍበት፤ ሙሉው የት እንዳለም ይገለጽ። ነገ አንድ ሰው ተነሥቶ «ሸይኹ እንዲህ ብለዋል» ቢል፣ ዋናውን አውጥተን «ይኸው፣ ሁላችሁም ስሙ» ማለት የምንችለው ያን ጊዜ ነው።

ስድስተኛ፦ ሐቅ። የገዛ ሸይኻችንን ደርስ በእርሳቸው ፈቃድ፣ ከሞቱም በቤተሰባቸው ፈቃድ እንገልብጥ። ነሺዳና መንዙማ አሳትሞ በእርሱ የሚተዳደርን ወንድም ሲዲ ግን ያለፈቃዱ ማባዛት የሰው ሐቅ መብላት ነው። የአገሪቱም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክለዋል። ለዳዕዋ ነው ብሎ የሌላውን እንጀራ መንጠቅ ሰበብ አይሆንም። የቤተሰብ ጉዳይና የሰዎች ምስጢር ያለበት ፈትዋም ሳይለይ አይሰራጭ።

ሰባተኛ፦ አቀማመጡ። ዲስኩ በዳሩ ይያዝ። የሚለጠፍ ወረቀት አይለጠፍበት፤ ሚዛኑን ያስታል፣ ይላቀቃልም። መጻፊያው ለስላሳ ማርከር ይሁን፤ እስክሪብቶ ይጭረዋል። የሸይኹ ስም፣ የኪታቡ ስም፣ ቋንቋው፣ የተቀዳበት ቦታና ዘመን፣ ያመሳከረው ሰው ስም ይጻፍ። በሣጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ፀሐይና ምድጃ አይጠጋው። አንድ ቅጂ ብቻ ቅጂ አይባልም። አንዱ በመስጂድ፣ አንዱ በመድረሳ፣ አንዱ በሸይኹ ቤተሰብ ዘንድ፣ አንዱም በሌላ ከተማ ይሁን፤ እሳትና ጎርፍ አራቱንም በአንድ ሌሊት አያገኛቸውም። ዲስክም ዘላለማዊ አይደለም። በየዓመቱ ከረመዳን በፊት ይፈተሽ፤ መንተባተብ የጀመረው ሳይሞት በአዲስ ይገልበጥ። ካሴቱንም አትጣሉት፤ እርሱ ነው ዋናው።

ጀመዓዎች፣ ብዙ ገንዘብ አንጠይቃችሁም። ካሴት ያለው ካሴቱን ያምጣ፤ ተቀድቶ ይመለስለታል። ኮምፒውተር ያለው ምሽቱን ይስጠን። ኪታብ የቀራ ጆሮውን ይስጠን። አቅም ያለው ባዶ ዲስክ ይግዛ። እናቶችና እህቶች፣ በቤታችሁ ሴቶችን ያስተማሩ እናቶች ድምፅ ካለ እርሱም ከነክብሩ ለሴቶች ይቀመጥ፤ ሥራውን እህቶች ራሳቸው ይሥሩት። ደርስ ላይ መድረስ ያልቻለች እናት እንጀራ እየጋገረች የሸይኹን ድምፅ ብትሰማ፣ ዲስኩን የገዛውም፣ የቀዳውም፣ ያመሳከረውም ከምንዳው ድርሻ አላቸው ኢንሻአላህ። ሰው ሲሞት ከማይቋረጡለት ሥራዎች አንዱ ጥቅም የሚሰጥ ዕውቀት መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል።

መሥራት ያለብን ሸይኾቹ በሕይወት ሳሉ ነው። ካሴቱ ላይ ያልተሰማ ቃል ቢኖር ዛሬ ሄደን «ሸይኻችን፣ እዚህ ጋ ምን ብለው ነበር?» ብለን መጠየቅ እንችላለን። ከጀናዛ በኋላ ግን የሚጠየቅ የለም።

አላህ ሸይኾቻችንን ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ያለፉትን በረሕመቱ ይቀበልልን፤ ሥራችንን በኢኽላስ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።