የቆሰለችን ዶሮ ስለ መርዳት
(በመገናኛና በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖሩ ዶሮ አርቢዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሰፊ እርሻ አይደለም። በጓሯችሁ ስለምትጭረው ዶሮ፣ ይልቁንም ጭልፊት ስለ ቧጨራት፣ ውሻ ስለ ነከሳት፣ ባልንጀሮቿም ስለ ነቆሯት ዶሮ ነው። «አንዲት ዶሮ ብትሞት ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ቢኖር ሒሳቡን እንቁጠርለት። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል እንቁላል ትጥላለች። አምስት ዶሮ ብቻ ላላት እናት አንዲቱ ሞተች ማለት ከዓመቱ እንቁላል አንድ አምስተኛው ቀረ ማለት ነው። ታቅፋ የምትፈለፍላቸው ጫጩቶችም አብረው ይቀራሉ። የእንቁላሉ ገንዘብ የልጅ ደብተርና የወጥ ጨው መግዣ እንደ ሆነ ደግሞ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

መገናኛ ዛሬ የታክሲና የሕዝብ መናኸሪያ ቢሆንም፣ ከአደባባዩ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ወደ የካ ወይም ወደ ኮተቤ ለሄደ ሰው የዶሮ ድምፅ ገና አልጠፋም። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለው ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በግቢ ዶሮ ማርባት ይበልጥ ይበረታታል። ነገር ግን ከባሕር ዛፉ ጫካ በሌሊት ሸለምጥማጥ ይወርዳል፤ በቀን ጭልፊት ያንዣብባል፤ ባለቤት የሌለው ውሻም በየመንገዱ አለ። የእንጦጦ ራስ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የግርጌው ሌሊት እንኳ ብርዱ ብርቱ ነው። ለቆሰለች ዶሮ ብርድ ሁለተኛ ጠላት ነው።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ከእርሻ ኮሌጅ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ በየካ ግርጌ የሚኖሩ አንዲት እናት ውሻ ክንፏን የሰበራትን ዶሮ ይዘው ጠሩኝ። እኔም ዕውቀቴን ለማሳየት ቸኩዬ ክንፏን ከደረቷ ጋራ በፋሻ ጥብቅ አድርጌ አሰርሁት። ማሰሪያው ያማረ ነበር፤ ዶሮይቱ ግን ሌሊቱን ሳታልፍ ሞተች። በማግሥቱ እናቲቱ፣ «ልጄ፣ ውሻው የተወልኝን አንተ ወሰድህብኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዶሮ የምትተነፍሰው ደረቷን ከፍና ዝቅ እያደረገች ስለ ሆነ፣ ደረቷ ከታሰረ ትታፈናለች። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከጸጸትም የተማርሁት መሆኑን ዕወቁልኝ።

1ኛ፤ ለዩአት። ዶሮዎች ደም ሲያዩ መንቆር ይጀምራሉ። ትንሿ ቁስል በግማሽ ቀን ውስጥ ትልቅ ጉድጓድ ትሆናለች። ስለዚህ ዶሮይቱን ሳታሯሩጡ ያዙና አየር በሚያስገባ ካርቶን ወይም ቅርጫት ውስጥ ንጹሕ ጭድ ጎዝጉዛችሁ አስቀምጧት። ስፍራው ጸጥ ያለ፣ ጨለም ያለና ሞቅ ያለ ይሁን። ብዙ ዶሮ የሚሞተው ከቁስሉ ይልቅ ከድንጋጤና ከብርድ ነው። ለሌሊቱ የሞቀ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአጠገቧ አድርጉላት።

2ኛ፤ ደሙን አቁሙ። በንጹሕ ጨርቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ሳታነሱ ተጫኑት። በየጊዜው ገልጦ ማየት የረጋውን ደም ያፈርሰዋል። የተሰበረ ጥፍር ሲደማ ጥቂት ንጹሕ ዱቄት ነስንሶ መጫን ይረዳል።

3ኛ፤ ቁስሉን እጠቡ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ አሳጥሩት፤ አትንጩት። አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ልክ እስከ አፉ እንጂ ሳይቆለል፣ ጨምሩበት። ለብ ሲል በንጹሕ መርፌ አልባ ስሪንጅ ወይም በጨርቅ እያፈሰሳችሁ እድፉን አስወግዱ። ይህ ውሃ ለማጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይደለም፤ ብዙ ጨው ዶሮን ይጎዳል። ቁስሉ ወደ ደረት ውስጥ የዘለቀ ከሆነ ግን ውሃ አታፍስሱበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷት።

4ኛ፤ የማይገባውን አትቀቡ። አመድ፣ እበት፣ የቡና ዱቄት፣ ላምባና የተቃጠለ የመኪና ዘይት በቁስል ላይ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። አመዱና እበቱ ጀርም ያስገባሉ፤ ላምባና ዘይት ሥጋውን ያቃጥላሉ፤ ዶሮይቱም ስትነቁረው ትመረዛለች። በዚህ ፈንታ ከፋርማሲ የሚገኘውን አዮዲን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥናችሁ ቀቡ። ውሃ ወይም ስኳር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ማርም ቁስል እንዳይበሰብስ ይረዳል፤ ነገር ግን ጉንዳንና ዝንብ እንዳይጠራ በስሱ ቀብታችሁ ዶሮይቱን ከቤት ውስጥ አቆዩአት።

5ኛ፤ ጧትና ማታ ተመልከቱ። ዝንብ በቁስል ላይ እንቁላሉን ከጣለ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይፈላል። ትል ብታገኙ በወረንጦ አንድ በአንድ ልቀሙና በጨው ውሃ ደግማችሁ እጠቡ። ቁስሉ ከሸተተ ወይም ካበጠ ከእጃችሁ ያለፈ ነው፤ ለሐኪም ነው።

6ኛ፤ ስለ ስብራት። ባልቴቶቻችንና ወጌሾቻችን የሰውን አጥንት እንዴት እንደሚያስሩ አይታችኋል። ለዶሮ እግርም ነገሩ ይመሳሰላል። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ካልወጣ፣ እግሩን በጥጥ ጠቅልላችሁ ከሁለት ወገን ቀላል ስንጥር አድርጋችሁ በፋሻ እሰሩት። ጣቶቿ ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ ማሰሪያው ጠብቋልና ወዲያው አላሉት። ክንፍ ሲሰበር እንደ ወትሮው አጥፋችሁ ከገላዋ ጋራ እሰሩት፤ ከፋሻው በታች ጣት በቀላሉ ይግባ፤ ደረቷም እንደ ልብ ይነሣ። የወፍ አጥንት ፈጥኖ ይገጥማልና ሦስት ሳምንት ያህል ይበቃል። አጥንቱ ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ግን አትንኩት።

7ኛ፤ ስለ ንክሻ። የውሻና የድመት ጥርስ የሚተወው ቀዳዳ ከላይ ጠባብ፣ ከውስጥ ግን ጥልቅ ነው። ከላይ ሲታይ የዳነ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ይበሰብሳል። ስለዚህ የተነከሰችን ዶሮ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ከሱቅ የሰው ካፕስል ገዝቶ በግምት መስጠት ልማድ ሆኗል፤ ይህ መጥፎ ልማድ ነው። መድኃኒት ከታዘዘላትም ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን እስኪያልፍ ድረስ እንቁላሏንም ሥጋዋንም አትብሉ፤ ለሰውም አትሽጡ። ከሁሉ በላይ ግን ዶሮ ለማስጣል ስትታገሉ ውሻው እናንተን ወይም ልጃችሁን ከነከሰ ዶሮይቱን ተዉና ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፤ ክትባቱ ግን ቶሎ ከተወሰደ ያድናል።

ስለ ምግቧ አጭር ቃል ልናገር። መጀመሪያ ውሃ፤ ቀጥሎ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ የራሰ ፉርሽካ፣ የተፈጨ በቆሎ፣ ቢገኝም የተቀቀለ እንቁላል ስጧት። ምግብና ውሃ ሳትነካ ቀን ሙሉ ከዋለች ሐኪም ጥሩ። መዳን የማይቻልና ሥቃይ ብቻ የቀራት ከሆነ ደግሞ ሥቃይዋን ማሳጠር ርኅራኄ እንጂ ጭካኔ አይደለም።

ቁስሉ ደርቆ አዲስ ላባ ካበቀለ በኋላ፣ ሁለት ሦስት ቀን በቅርጫት ውስጥ ሆና ባልንጀሮቿ እንዲያዩአት አድርጉ። ከዚያም ማታ ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ በጸጥታ ከመካከላቸው አስቀምጧት። በቀን በድንገት ከለቀቃችኋት እንደ እንግዳ ቆጥረው ይነቁሯታል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ከመቍሰል መጠበቅ ይበልጣል። መነቋቆር የሚመጣው ከመጨናነቅ፣ ከምግብ ማነስና ከብዙ ብርሃን ነው። በቤቱ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ወይም ከስድስት ዶሮ አታሳልፉ። ከእህሉ ጋራ የኑግ ፋጉሎ ጨምሩላቸው፤ ጎመንም ከፍ አድርጋችሁ አንጠልጥሉላቸው፣ እርሱን ሲነቁሩ እርስ በርስ መነቋቆሩን ይተዋሉ። ለአንድ አውራ ዶሮ ከስምንት እስከ አሥር ሴት ዶሮ ይኑር፤ ከዚህ ካነሱ ጀርባቸው ይላጣል። በሩን ከመምሸቱ በፊት ዝጉ፤ የሸለምጥማጥ ራስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ሁሉ በሽቦ ይደፈን።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ አንድ ነገር ለእናንተ። ቁስል አንዲቱን ዶሮ ይይዛል፤ በሽታ ግን ሁሉንም። ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ሲያንቀላፉ፣ አረንጓዴ ሲያስቀምጣቸው፣ አንገታቸው ሲጠመዘዝ ብታዩ፣ ያ ፈንግል እንጂ ጉዳት አይደለምና አዮዲን ይዛችሁ አትድከሙ። የታመሙት ወደ ሾላ ገበያ እንዳይወሰዱ ምከሩ፤ የሞቱት በጥልቅ ይቀበሩ፤ ለእንስሳት ሐኪምም ፈጥናችሁ አስታውቁ። የፈንግል ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል፤ ጥቅሙ ግን በሽታው ሳይገባ ለተሰጠው ነው።

የእናቲቱን ነገር ልጨርስላችሁ። በሌላ ዓመት እኒያው እናት ጭልፊት ጀርባዋን የቀደዳትን ዶሮ ይዘው ዳግመኛ ጠሩኝ። በዚያን ጊዜ ፋሻ አልጠቀለልሁም። አጠብን፣ ማር በስሱ ቀባን፣ በምድጃው አጠገብ በካርቶን አስቀመጥናት። ከወር በኋላ ስመለስ ዶሮይቱ እንቁላል ታቅፋ አገኘኋት። እናቲቱም ምንም ሳይናገሩ ቡና አፈሉልኝ።

አንድ ካርቶን፣ ጥቂት ጨው፣ ንጹሕ ጨርቅና አንድ ጠርሙስ አዮዲን ዛሬውኑ በአንድ ስፍራ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ። ጭልፊት ቀጠሮ አይሰጥምና።