ሆሊና ማዕዱ፤ ስለ ሕንድ የጸደይ በዓል ምግቦችና መጠጦች



በሰሜን ሕንድ፣ ፋልጉን በሚባለው ወር ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊት፣ በየመንደሩና በየሰፈሩ አደባባይ የተከመረው እንጨት ይለኮሳል። ነገሩ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ደመራን ሳያስታውሰው አይቀርም፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ንጉሥ ሂራንያካሺፑ ቪሽኑን ማምለክ አልተውም ያለውን ልጁን ፕራህላድን ለማጥፋት ሲል፣ እሳት አይነካትም የምትባለው እኅቱ ሆሊካ ሕፃኑን አቅፋ በነበልባል መካከል እንድትቀመጥ አደረገ። ልጁ ዳነ፤ ሆሊካ ግን ተቃጠለች። በዓሉም ስሙን ያገኘው ከእርስዋ ነው ይባላል። በማግሥቱ ሕዝቡ ቀለም እየተረጫጨና ውሃ እየተራጨ ይውላል።

ከምግቡ ታሪክ አንጻር ሲታይ የመጀመሪያው ማዕድ የሚገኘው ከዚሁ እሳት አጠገብ ነው። በመከር ወራት የተዘራው ስንዴ፣ ገብስና ሽምብራ በዚህ ጊዜ ፍሬ ይዞ እሸት ስለሚሆን፣ ገበሬው ዛላውን ከነአገዳው ወደ ነበልባሉ ዘርግቶ ይጠብሰዋል፤ የተጠበሰውንም ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ጋር ይካፈለዋል። ከቀለሙና ከጣፋጩ ሁሉ በፊት ሆሊ የእሸት በዓል መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በማግሥቱ የሚቀርበው ማዕድ ግን በአብዛኛው የወተት፣ የቅቤና የስኳር ማዕድ ነው። በዓሉ በየካቲትና በመጋቢት መካከል ስለሚውል ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል፤ በኢትዮጵያ የጾመኛው ቤት የቅቤውን ቅል በሰቀለበት ሰሞን የሕንዱ ቤት ንጥር ቅቤውን በትልቅ መጥበሻ ያግላል።

ከጣፋጮቹ ሁሉ የበላይ ሆኖ የሚቆጠረው ጉጂያ ነው። ነጭ የስንዴ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ በጥቂት ውሃ ጠንከር ብሎ ይቦካል፤ እንደ ትንሽ ቂጣ ተዳምጦ በመካከሉ ኮያ፣ ስኳር፣ የተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ዘቢብ፣ አልሞንድና የተወቀጠ ሄል ይጨመርበታል። ከዚያም ለሁለት ታጥፎ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ሲይዝ፣ ከንፈሩ በጣት እየተቆለፈ እንደ ሹሩባ ይታታል፤ የእንጨት ቅርጽ ማውጫ የሚጠቀሙም አሉ። መጥበሻው እጅግ የጋለ እንደ ሆነ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ መዘጋቱ ያልጠበቀ እንደ ሆነ ደግሞ ይፈነዳና ኮያው ወጥቶ ቅቤውን ያበላሻል። ሥራው በዝግታ የሚሠራና ብዙ እጅ የሚፈልግ በመሆኑ፣ የጎረቤት ሴቶች ከበዓሉ ቀደም ብለው በአንድ ቤት ተሰብስበው አንዷ ስትዳምጥ፣ ሌላዋ ስትሞላ፣ ሦስተኛዋ ስትጠብስ በመቶ የሚቆጠር ጉጂያ ያዘጋጃሉ። ይህ የመተጋገዝ ልማድ በከተሞች እየሳሳ ሄዶ ብዙው ቤተሰብ ጉጂያውን ወይም ቢያንስ ኮያውን ከገበያ መግዛት ከጀመረ ወዲህ፣ ለምግብ ባለሙያ ከባድ የሆነው ጥያቄ ተነሥቷል።

ኮያ ማለት ወተት በሰፊ ብረት ምጣድ ላይ ያለማቋረጥ እየተማሰለ፣ ውሃው ተንኖ ጠጣር እስኪሆን ድረስ የሚበስል ነው። ከአምስት ኪሎ የጎሽ ወተት የሚገኘው ኮያ አንድ ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ርጥበቱ ብዙ ስለ ሆነ በሞቃት አየር ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም፤ ይሻግታል ወይም ይኮመጥጣል። እንግዲህ ማቀዝቀዣ የሌለው ነጋዴ ቀደም ብሎ አምርቶ ሊያከማች አይችልም፤ የሚሊዮኖች ፍላጎት ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ይመጣል። ላም ወይም ጎሽ ደግሞ በዓል መድረሱን አይታ ወተቷን አትጨምርም። በአቅርቦቱና በፍላጎቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው፣ አንዳንድ ጊዜ ስታርች፣ ርካሽ የአትክልት ስብና የዱቄት ወተት ነው። ከሆሊና ከዲዋሊ በፊት የምግብ ተቆጣጣሪዎች ኮያ የጫኑ መኪናዎችን አስቁመው ናሙና ሲወስዱ፣ የተበላሸውንም ሲያስቀብሩ መታየታቸው በየዓመቱ የሚደጋገም ነገር ሆኗል።

ሕንድ ይህን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1954 ምግብን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀልን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ በእርሱም ምትክ በ2006 የምግብ ደኅንነትና ደረጃዎች ሕግ ታወጀ። በደረጃው መሠረት ኮያ ውሃው ተቀንሶ ሲሰላ የወተት ስቡ ከመቶ 30 ማነስ የለበትም። ስታርች መኖሩን ማወቅ ለማንም ቀላል ነው፤ ጥቂት ኮያ በውሃ አፍልቶና አቀዝቅዞ ሁለት ሦስት ጠብታ የአዮዲን ብጥብጥ ማከል ይበቃል፤ ሰማያዊ ከሆነ ስታርች አለበት። ስቡን መለየት ግን በወጥ ቤት አይቻልም። እዚህ ላይ የሕንድ ሕግ አውጪዎች ያሰቡት ዘዴ ሊደነቅ ይገባዋል፤ ቫናስፓቲ የሚባለውን የረጋ የአትክልት ስብ የሚያመርት ፋብሪካ ከመቶ 5 ያላነሰ የሰሊጥ ዘይት እንዲጨምርበት ለብዙ ዓመታት ሲያስገድዱ ኖረዋል። ምክንያቱም የሰሊጥ ዘይት ከሃይድሮክሎሪክ አሲድና ከስኳር ጋር ሲገናኝ ቀይ ቀለም ስለሚሰጥ፣ በቅቤ ወይም በኮያ ውስጥ የተደበቀው ስብ ራሱን እንዲያጋልጥ ነው። ሆኖም ናሙናው ወደ ቤተ ሙከራ ሄዶ ውጤቱ እስኪመለስ ድረስ ጉጂያው ተበልቶ ያልቃል። የቁጥጥሩ እውነተኛ ድካም ያለው ከሕጉ ይልቅ በዚህ የጊዜ ጉድለት ላይ ነው።

ከመጠጦቹ ታንዳይ ግንባር ቀደም ነው፤ ስሙም ከቅዝቃዜ ጋር የተያያዘ ነው። አልሞንድ፣ የከርቡሽ ፍሬ፣ ኻስኻስ የሚባለው ደቃቅ ነጭ ፍሬ፣ እንስላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄልና የጽጌረዳ ቅጠል አድረው ከረጠቡ በኋላ በድንጋይ ላይ ይፈጫሉ፤ በቀዝቃዛ ወተትና በስኳር ተበጥብጠው በጨርቅ ይጠለላሉ። ሙቀቱ እየበረታ በሚሄድበት ወቅት ይህ መጠጥ በእርግጥ ያረካል።

ችግሩ የሚመጣው ባንግ ሲጨመርበት ነው። ባንግ የካናቢስ ተክል ቅጠል ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በሺቫ አምላኪዎች ዘንድ ረጅም ታሪክ አለው። የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው የሕንድ ሔምፕ ጉዳይ አጣሪ ኮሚሽን በ1894 ባቀረበው ዘገባ፣ በልኩ መጠጣቱ ያን ያህል ጉዳት ስለማያስከትል ባንግን መከልከል ተገቢ አይደለም ብሎ ነበር። በ1985 የወጣው የአደንዛዥ ዕፆች ሕግም ሙጫውንና የአበባውን ጫፍ ሲከለክል ቅጠሉን ብቻውን ከትርጉሙ ውጭ አድርጎታል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የየክፍለ ግዛቱ ሆኖ፣ እንደ ኡታር ፕራዴሽ ባሉት ፈቃድ ያላቸው የባንግ ሱቆች አሉ።

ሕጉ ቢፈቅድም የሰውነት አሠራር ግን የራሱ ደንብ አለው። የባንግ ኃይለኛ ንጥረ ነገር በስብ ውስጥ የሚሟሟ በመሆኑ ወተትና ቅቤ በሚገባ ይሸከሙታል። እንደ ጭስ ወዲያውኑ አይሰማም፤ ስሜቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። የጠጣው ሰው ምንም አልሆንኩም ብሎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብርጭቆ ይደግማል፤ ሁሉም በአንድነት ሲደርስበት ልቡ በኃይል ይመታል፣ ያስመልሰዋል፣ ይደነግጣል፣ ያለበትንም ይስታል። ከሁሉ የከፋው ግን ሳይነገረው የሚጠጣው እንግዳ፣ በተለይም ሕፃንና ነፍሰ ጡር ሴት ነው። ለቀልድ ብሎ በሰው ብርጭቆ ውስጥ ባንግ መጨመር በምንም ዓይነት የበዓል ጨዋታ ሊባል አይችልም። ባንግ ያለበትንና የሌለበትን ታንዳይ በተለያየ እንስራ አድርጎ ለእንግዳው አስቀድሞ የሚናገር ባለቤት፣ ወግ አጥባቂ ሆኖ ሳለ ጥንቁቅም ነው።

ካንጂ ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ጥቁር ካሮት፣ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ጨውና በርበሬ በውሃ ተደርጎ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ይኮመጥጣል፤ ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ ጣዕሙ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነው። በምስር ወይም በማሽ ሊጥ የተጠበሰ ቫዳ ተነክሮበት ከጣፋጩ መካከል ምላስን ያድሳል።

በማሃራሽትራ የሽምብራ ክክ ከሸንኮራ ስኳር ጋር ተቀቅሎ በቂጣ የሚሞላበት ፑራን ፖሊ ይጋገራል። በቢሃር ማልፑዋ የሚባለው ጣፋጭ ቂጣ አለ፤ የሂንዱ በዓል ሁሉ ሥጋ አልባ ነው ለሚል ሰው ደግሞ፣ በቢሃር በብዙ ቤት የሆሊ ዕለት የፍየል ሥጋ ወጥ እንደሚሠራ መንገር ያስፈልጋል።

ከ1838 ጀምሮ በውል ሠራተኝነት ወደ ጋያና የሸንኮራ እርሻዎች የተወሰዱት ሕንዶች በዓሉን ፓግዋ ብለው ይዘውት ሄዱ። ጉጂያም በዚያ ጎጃ ተባለ። ቅርጹ ያው የግማሽ ጨረቃ ነው፣ ከንፈሩም በጣት ይቆለፋል፤ በውስጡ ያለው ግን ኮያ ሳይሆን በአገሩ የሚገኘው ኮኮናት ነው፣ ከዝንጅብልና ከስኳር ጋር። በሕንድም ቢሆን የገበያውን ኮያ ያላመኑ እናቶች በንጥር ቅቤ የተጠበሰ የስንዴ ቅንጬ በስኳርና በኮኮናት ሞልተው ጉጂያቸውን ይሠራሉ።