የደዌን ፊደል ስለ ማንበብ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የሳይንስ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



የንግግራችን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ከሌላ ፋኩልቲ የሆኑ ጓደኞቻችን «ንጹሕ ውሃ ለሁሉ ላልተዳረሰበት አገር የጂን ንባብ ቅንጦት አይሆንም ወይ?» እያሉ ሲጠይቁን ሰንብተዋል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ስለሆነም ሳይንስን በማወደስ ጊዜያችሁን አንወስድም፤ በዚሁ በአገራችን የተደረጉ ጥቂት ሥራዎችን እናቀርብና ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት በአጭሩ። በሰውም ሆነ በእንስሳ፣ በቢምቢም ሆነ በባክቴሪያ አካል ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል እጅግ ቀጭን ክር አለ። በክሩ ላይ ያለው ጽሕፈት አራት ፊደላት ብቻ አሉት፤ ሴሉ ምን ዓይነት ፕሮቲን እንደሚሠራ የሚወስነው የእነዚህ ፊደላት ቅደም ተከተል ነው። አንድ የታወቀ ሥራ ያለው የክሩ ክፍል ጂን ይባላል። የክሩን ቅርጽ ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ገለጡ (የሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ሥዕል ምን ያህል እንደ ረዳቸው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል)። ፊደሉን ተራ በተራ የማንበቡ ሥራ የተስፋፋው እንግሊዛዊው ፍሬዴሪክ ሳንገር ዘዴውን በ1977 ካሳተመ በኋላ ነው። በ1998 የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ 4.4 ሚሊዮን ፊደላት፣ በ2002 የዋናው የወባ ጀርም 23 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ተነበቡ። የሰው ከ3 ቢሊዮን ይበልጣል። አንድ ተማሪ ሌሊት ተቀን ሳይተኛ በየሴኮንዱ አንድ ፊደል ቢቆጥር መቶ ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። ያ ሥራ በ1990 ተጀምሮ በ2003 ተፈጸመ ተባለ፤ የቀሩት ክፍተቶች አብዛኞቹ የተሞሉት ግን በ2022 ነው። ዛሬ መሣሪያዎቹ ክሩን በሚሊዮን ወደሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ከፋፍለው ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያነቧቸዋል፤ ቁርጥራጩን እንደ ተቀደደ መጽሐፍ መልሶ የሚገጣጥመው ኮምፒዩተር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ ጸሐፊው አንዲት ቃል ቢገድፍ፣ ከእርሱ መጽሐፍ የሚገለብጡት ሁሉ ያንኑ ግድፈት ይወርሳሉ። ስለዚህ ሊቃውንት የተለያዩ ገዳማት መጻሕፍትን አስተያይተው፣ በግድፈቱ ተመርተው፣ የትኛው ከየትኛው እንደ ተቀዳ ያውቃሉ። ጀርምም ሲራባ ፊደሉን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘገምተኛ ጸሐፊ ነው፤ ከ4.4 ሚሊዮን ፊደላት መካከል በሁለት ዓመት አንዲት ያህል ቢለውጥ ነው። እንግዲህ የሁለት ሕመምተኞች ጀርም በሁለት ወይም በሦስት ፊደል ብቻ ከተለያየ ደዌው በቅርብ ጊዜ ከአንድ ምንጭ የመጣ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ በመቶ ከተለያየ ግን ሁለቱ ሰዎች ጎረቤታሞች ቢሆኑ እንኳ አንዱ ለአንዱ አላስተላለፈም።

አሁን ወደ ወባ እንለፍ፤ ከሁሉ ይልቅ የምንሰጋው ስለዚህ ነውና።

ማይክሮስኮፕና ኤሌክትሪክ በሌለበት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወባን የምትመረምረው በምን እንደሆነ ሁላችሁም አይታችኋል። ከጣት አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ በትንሽ መመርመሪያ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መስመር ይታያል ወይም አይታይም። ፋልሲፓረም ለተባለው አደገኛ የወባ ዓይነት በብዛት የሚሠራበት መመርመሪያ የሚፈልገው ጀርሙን ራሱን ሳይሆን ጀርሙ በደም ውስጥ የሚያፈስሰውን አንድ ፕሮቲን ነው፤ ስሙም ኤች.አር.ፒ.-2 ነው። ፕሮቲኑ ካለ መስመሩ ይቀላል። ይህ መመርመሪያ የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል፤ አናማውም።

ዳሩ ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ከጀርሙ ላይ ጨርሶ ቢጠፋስ? በ2010 በፔሩ የአማዞን አገር ጂኑ የጠፋባቸው የወባ ጀርሞች መኖራቸው ታተመ። ብዙዎች የሩቅ አገር ወሬ አድርገውት ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በጎረቤታችን በኤርትራ በመመርመሪያው «ነጻ ናችሁ» የተባሉ ሕመምተኞች በማይክሮስኮፕ ወባ ሲገኝባቸው ነገሩ ከደጃችን ደረሰ። ከዚያም ስንደው መካሻ ፈለቀና የሥራ ባልደረቦቹ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚያዋስኑን አውራጃዎች 12,572 ሰዎች መርምረው ውጤቱን በ2021 አሳተሙ። እንደ ግምታቸውም ከመቶ የፋልሲፓረም ሕመምተኞች መካከል 9.7 ያህሉን መመርመሪያው በጂኑ መጥፋት ምክንያት ይስታቸዋል። ከዐሥሩ አንዱ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው የሚሳተው ከመቶ 5 ሲያልፍ መመርመሪያው በሌላ ዓይነት እንዲለወጥ ነው።

እስቲ ይህን ቁጥር በሰው እንየው። እናት ትኩሳት የያዘው ልጇን አዝላ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ጤና ኬላ ትደርሳለች። መስመሩ አይታይም። ሠራተኛዋ በተማረችው መሠረት በትክክል ሠርታ «ወባ አይደለም» ትላለች። እናትም አመስግና ትመለሳለች። ከሁለቱ ጥፋተኛ የሚባል የለም፤ ልጁ ግን መድኃኒት አልወሰደም።

ንባቡ የነገረን ጂኑ መጥፋቱን ብቻ አይደለም። ኤች.አር.ፒ.-2ን የሚመስል፣ አንዳንድ ጊዜም መመርመሪያውን የሚያቀላ ሌላ ጂን አለ፤ ኤች.አር.ፒ.-3 ይባላል። በዙሪያቸው ያሉትን ፊደላት በማስተያየት ተመራማሪዎቹ አስቀድሞ የጠፋው ሦስተኛው እንደሆነ፣ የሁለተኛው መጥፋት ግን በቅርብ ጊዜ በፍጥነት እንደ ተስፋፋ ደረሱበት። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መመርመሪያው የሚያየው ጀርም በመድኃኒት ይገደላል፤ የማያየው ጀርም በሕመምተኛው ደም ውስጥ ቆይቶ ቢምቢ ትወስደዋለች። ገበሬ አረሙን ትቶ ስንዴውን ቢያጭድ በሚቀጥለው ዓመት የሚያገኘው ምን እንደሆነ ይታወቃል። መመርመሪያችን ራሱ ሳናውቀው ለጠላት ዘር መራጭ ሆኖለታል።

በዚህም አላበቃም። አበበ ፎላና ጓደኞቹ በ2023 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ በተወሰዱ 609 ናሙናዎች መካከል ከመቶ 8 ያህሉ ኬልች-13 በሚባለው ጂን ላይ የአንድ ፊደል ለውጥ ተገኝቶባቸዋል። ለውጡ አርቴሚሲኒን የተባለው ዋናው የወባ መድኃኒት ጀርሙን ቶሎ እንዳይገድል ከሚያደርጉት ወገን የሚቆጠር ነው። ከጀርሞቹም መካከል ከመመርመሪያው የሚሰወሩም መድኃኒቱን የሚቋቋሙም፣ ሁለቱን ባንድነት የያዙ ተገኝተዋል። ይህን በማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም፤ በመስተዋቱ ሥር ያለው ጀርም ከአባቱ አይለይም። የሚለየው በፊደሉ ብቻ ነው።

ስለ ቢምቢዋም አንድ ቃል። በ2016 በቀብሪ ደሐር የተያዙ ቢምቢዎች ፊደላቸው ሲነበብ በአገራችን ታይታ የማታውቅ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ቢምቢ ሆና ተገኘች። ይህች እንደ ለመድናት ረግረግ አትፈልግም፤ በከተማ ውሃ በሚጠራቀምበት በርሜልና ገንዳ ውስጥ ትራባለች። በ2022 በድሬዳዋ ወባ በድንገት ሲነሣ ምክንያት የሆነችው እርሷ ናት፤ ከታመሙትም መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። «ወባ የቆላ ገበሬ በሽታ ነው» የሚል ጓደኛ ካለን ይህን ይስማ።

ከወባ ወደ ነቀርሳ እንሂድ። በአገራችን ሳንባን ትቶ በአንገትና በብብት ንፍፊት ላይ የሚወጣው ነቀርሳ ከሌላው ዓለም ይልቅ የበዛ ነው። ለምን? ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ ጥሬ ወተት ስለምንጠጣ ከላም የሚተላለፈው የነቀርሳ ዓይነት ነው የሚል ነበር። መልሱ ከአእምሮ ጋር የሚስማማ ነው፤ በመማሪያ ክፍልም ሲነገር ማንም አይቃወመውም። ሬቡማ ፍርዴሳና ባልደረቦቹ ከሳንባና ከንፍፊት ሕመምተኞች የተወሰዱ 964 ናሙናዎች በጂናቸው ለይተው በ2013 ሲያሳትሙ ግን የላሙ ነቀርሳ ድርሻ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። በንፍፊት ያለውም በሳንባ ያለውም ያው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ጀርም ነው። (ወተቱን ማፍላት ግን አይተው፤ በወተት የሚመጣ ሌላ ደዌ ሞልቷል።)

በዚያው ጥናት ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። በተለይ ከወልዲያ አካባቢ የመጡት አንዳንድ ጀርሞች በዓለም ከታወቁት ስድስት የነቀርሳ ነገዶች ከአንዱም አልሆኑም። ሰባተኛ ነገድ ሆነው ተመዘገቡ፤ በኋላም «የጥንት ኢትዮጵያዊ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም እንዲሰጣቸው ሐሳብ ቀረበ። በዘር ሐረጉ ላይ ቦታቸው ከጥንታዊውና ከዘመናዊዎቹ ነገዶች መካከል ነው። በአማራ ክልል የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህ ነገድ የያዛቸው የሳንባ ሕመምተኞች ወደ ሐኪም ቤት ለመምጣት ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚዘገዩ በ2015 አመለከተ። ይህን ስም ያገኘነው አንድ ሰው የወልዲያን ጀርም ለማንበብ ስለ ፈለገ ነው። ስንት ሌላ ነገድ ስም አጥቶ እንደ ተቀመጠ እንጃ!

እስካሁን ስለ ጀርም ተናገርን። በሰው ጂን ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ጥንቃቄም ይሻል።

በደጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች እግር የሚያብጥበትን፣ ዝሆኔ የምንለውን ሕመም ታውቁታላችሁ። ይህኛው በቢምቢ ከሚተላለፈው የተለየ ነው፤ ጀርም የለውም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው አፈር ረቂቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው ነው። ይሁን እንጂ በአንድ መንደር፣ በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ከሚያርሱት መካከል አንዱ ይታመማል፤ ሌላው ዕድሜውን ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ፋሲል ተኮላ አየለና ጓደኞቹ በወላይታ ሕመምተኞችንና ጤነኞችን አስተያይተው በ2012 እንዳሳተሙት፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይባቸው ጂኖች መካከል አንዳንዶቹ በሕመምተኞቹ ዘንድ የተለየ መልክ አላቸው። ሰውነታቸው ለአፈሩ የሚሰጠው ምላሽ የተለየ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ ነው የምንፈራው። በዚያ አገር «የዝሆኔ ዘር» የተባለ ቤተሰብ ልጁን ለመዳር ይቸገራል። «ሳይንስ በዘር ነው አለ» የሚለው ወሬ ብቻ ወደ ገበያ ቢወጣ እርግማን ይሉት የነበረውን የላቦራቶሪ ማኅተም አተምንበት ማለት ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጂኑ ያለ አፈሩ ምንም አያደርግም። ያ ጂን ያለበት ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢጫማና እግሩን በሳሙና ቢታጠብ አይታመምም። በጫማና በጂን ንባብ መካከል እንድንመርጥ ለጠየቁን ጓደኞቻችን ይህን እንነግራቸዋለን፤ በወላይታ የጂኑ ጥናት ያጸናው የጫማን አስፈላጊነት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እነዚህ ጥናቶች የኢትዮጵያውያን ስም በግንባራቸው ላይ አለ፤ ኮርተናል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ደሙ ከዚህ ተቀድቶ ንባቡ የሚፈጸመው በባሕር ማዶ ላቦራቶሪ ነው። መሣሪያ ስለሌለ ብቻ ነው የሚለውን ሰበብ ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። በ2015 በጊኒ የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ ተመራማሪዎች በእጅ የሚያዝ የንባብ መሣሪያ በሻንጣ ይዘው ገብተው የቫይረሱን ፊደል እዚያው አንብበዋል። መሣሪያው እያነሰ፣ ዋጋውም እየረከሰ ሄዷል። የአብነት ተማሪዎች እንደሚያውቁት ንባብ ቤት ሌላ ነው፤ ትርጓሜ ቤት ሌላ ነው። ንባቡን መሣሪያው ያደርሳል፤ ሚሊዮን ፊደላት ዘርግቶ «ይህ ግድፈት ደዌ ያመጣል፤ ያኛው ከንቱ ነው» የሚለውን የሚፈታው ሒሳብና ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው ነው። እኛ የሕይወት ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ከሒሳብ እንሸሻለን፤ የሒሳብ ተማሪዎችም ከእኛ ላቦራቶሪ ሽታ ይሸሻሉ። ከመምህራኖቻችንም አንዳንዶቹ ይህን ሽሽት እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርገው ይመለከቱታል።

ስለዚህ ለማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሕይወት ሳይንስ፣ የሕክምና፣ የሒሳብና የኮምፒዩተር ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረው የሚቀመጡበት የጥናት ክበብ ይቋቋም። የወባው ጀርምም የነቀርሳውም ሙሉ ፊደል ለማንም ተማሪ በነጻ ተከፍቶ ይገኛል፤ ለመጀመር አንድ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ከገጠር ሰው ደም የሚወሰድበት ጥናት ሁሉ ውጤቱ ደሙን ለሰጠው ሰው በቋንቋው ተመልሶ እንዲነገረው መምህራኖቻችን በጥናታቸው ዕቅድ ውስጥ እንዲያስገቡልን እንጠይቃለን። ለክበቡ የሚመዘገቡ ከስብሰባው በኋላ ስማቸውን ለጸሐፊው ይስጡ፤ ሒሳብ የሚችሉ ይቅደሙ።