ሕፃናት እንግሊዝኛ እንዲጽፉ በንድፍ ስለ ማስተማር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ባለፈው ክረምት በሐሙሲት ከተማ በበጎ ፈቃድ ስናስተምር ያጋጠመንን በማስታወስ እንጀምራለን። ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ስለ ሐሙስ ገበያ ሦስት ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉ በእንግሊዝኛ በሰሌዳው ላይ ጻፍንላቸው። ደብተሮቹን ሰብስበን ስናይ፣ አብዛኞቹ ትእዛዙን ራሱን ሦስት ጊዜ ገልብጠውት አገኘን። የእጅ ጽሕፈታቸው ግን ከእኛ ጽሕፈት ይልቅ ያምር ነበር።

ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ደንግጓል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱም ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ይሁን እንጂ ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛውን ፊደል መምረጥ ስለ ሆነ፣ ልጁ ከራሱ ልብ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳያወጣ እዚያ ሊደርስ ይችላል። እኛም ከእነዚያ መካከል ነበርን።

በማግሥቱ በሰሌዳው መካከል ክበብ ሠርተን «ገበያ» ብለን ጻፍንበት። ማን ይሄዳል? ምን ይሸጣል? ምን ይገዛል? እያልን በአማርኛ ስንጠይቅ ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። የመለሱትን ሁሉ ከክበቡ በሚወጡ መስመሮች ጫፍ ላይ በእንግሊዝኛ አሰፈርነው። አንድ መምህር በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መነገሩ አላስደሰታቸውም፤ እኛ ግን ልጅ የሚለው ነገር ሳይኖረው የሚጽፈው ከየት ያመጣል እንላለን።

ሐሳብን እንዲህ በክበብና በመስመር ማገናኘት፣ በአሜሪካ አገር የኮርኔል ዩኒቨርስቲው ጆሴፍ ኖቫክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለሳይንስ ትምህርት ካበጁት ዘዴ ጋር ይዛመዳል። ሆኖም የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ከመንገሩ በፊት ገለል ብሎ እንደሚቈጥር ለምናውቅ ለእኛ፣ አስቀድሞ ማሰናዳት እንግዳ ነገር አይደለም።

ከክበቡ ይልቅ የጠቀመን ግን ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ነው። የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚያርፍ፣ «እናቴ ዶሮ ሸጠች» የሚለውን ልጆቹ «ማይ ማዘር ሔን ሶልድ» ብለው ይጽፉት ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓምድ «ማን»፣ በሁለተኛው «ምን አደረገ»፣ በሦስተኛው «ምንን» ብለን አሰመርን። ልጆቹ ዶሮዋን ከሁለተኛው ዓምድ አንሥተው ወደ ሦስተኛው ሲያዛውሩ ይሥቁ ነበር፤ ደንቡን ግን ያዙት። ወረቀት ማባዛት አላስፈለገንም፤ ጠመኔ ብቻ በቃን።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ልጆቹ ክበቡን በሚያምር ቀለም እየሣሉ፣ የእኛን ቃላት እየሞሉ፣ እዚያው ላይ ማቆም ጀመሩ። ንድፉ ራሱ አዲስ ግልበጣ ሆነ! ጥፋቱም የእኛ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰሌዳውን ንድፍ አብረን ከሠራን በኋላ አጥፍተን፣ እያንዳንዱ ልጅ ስለ ራሱ ቤት የራሱን እንዲነድፍ አደረግን። አንዲት ልጅ ስለ እንጀራ መጋገር አራት ሣጥን ሠርታ ከቡኮው እስከ ምጣዱ በተራ አስቀመጠች፤ በእንግሊዝኛም አራት ዐረፍተ ነገር ጻፈች። የምጣዱን እንግሊዝኛ ብትጠይቀን እኛም አላወቅነውም፤ «ምጣድ» ብላ በላቲን ፊደል ጻፈችው።

ዐረፍተ ነገሮቹን በአያያዥ ቃላት ወደ አንድ አንቀጽ ማጋጠም ሳንጀምር ክረምቱ አለቀ። በመጪው ክረምት ወደዚያ የምትሄዱ ከዚያ እንድትጀምሩ አደራ እንላለን፤ የልጆቹ ደብተሮች ያሉት እዚያው በየቤታቸው ነው።