ውሃው ስንት ክንድ ወረደ?

(ለብልባላ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለማይታይ ውሃ ነው። ወንዝ ሲጎድል ሁሉም ያየዋል። ተከዜ ከዚሁ ከላስታ ምድር ተነሥቶ ሲወርድ በክረምት ሞልቶ፣ በበጋ አንሶ እናየዋለን። የጉድጓድ ውሃ ግን ከመሬት በታች ነው። መጉደሉ የሚታወቀው ባልዲው ጭቃ ይዞ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

ለመሆኑ ይህ ውሃ ከየት ይመጣል? አንዳንድ ሰው ከመሬት በታች እንደ ባሕር የተኛ፣ የማያልቅ ውሃ ያለ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። የሚመጣው ከዝናብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሚዘንበው ብዙው በጎርፍ ይሄዳል፤ ወይም ተንኖ ይጠፋል። ጥቂቱ ወደ አፈር ይሰርጋል፤ በድንጋይ ስንጥቅ እየገባም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ነአኩቶ ለአብን የተሳለመ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለው ጠበል በበጋም አይቋረጥም፤ ከሥር ያሉት የድንጋይ ገበታዎች ይቀበሉታል። የጠበሉ ክብር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ድንጋይ ውሃን ይዞ ቆይቶ በዝግታ እንደሚሰጥ ከዚያ እንማራለን።

አሁን ሠርግ ቤት ያለውን ትልቅ የጠላ ጋን አስቡ። አምስት አሳላፊዎች ከዚያ አንድ ጋን ይቀዳሉ። እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን ዕቃ እንጂ ጋኑን አይደለም። ጠላው ሲወርድ መጀመሪያ ባዶ እጁን የሚመለሰው ማን ነው? ክንዱ አጭር የሆነው ነው። ጉድጓዶችም እንደዚሁ ናቸው። ከአንድ ውሃ የሚቀዱ ከሆነ፣ አንዱ በውሃ ሞተር ቀኑን ሙሉ ለሽንኩርት ሲስብ በአጠገቡ ያለው ይወርዳል። ቀድሞ የሚደርቀው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ነው። የዚያ ጉድጓድ ባለቤትም አብዛኛውን ጊዜ ጨምሮ ለማስቆፈር አቅም የሌለው ሰው ነው።

ነገር ግን አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ጉድጓዶች ሁሉ ይገናኛሉ ማለት አይደለም። በእኛ አገር ድንጋይ ውሃው በስንጥቅ ስለሚሄድ፣ ቅርብ ያለው ሳይነካ ራቅ ያለው ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ «ውሃዬን የወሰደብኝ እገሌ ነው» ብሎ መጣላት ከንቱ ነው፤ «እኔ አልነካሁም» ብሎ መማልም እንዲሁ። የላይኛው ሞተር ከመነሣቱ በፊትና ከቆመ በኋላ የታችኛውን ጉድጓድ ለክቶ ማየት ነው። ይህን ደጋግሞ መዝግቦ ማየት እንጂ በአንድ ቀን ልኬት መፍረድ አይገባም።

ሳይለኩ መቅዳት የት እንደሚያደርስ ሐረማያ አሳይታለች። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የሚጠጣ ውሃ ይሰጥ ነበር፤ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችም ጫትና አትክልት በሞተር ያጠጡበት ነበር። ከተማው ይስባል፣ ገበሬው ይስባል፤ ደለሉም ይገባል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። ገበሬዎቹ በደረቀው የሐይቅ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፍረው መሳብ ቀጠሉ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶ ታይቷል። እስከዚያ ድረስ ግን ሐረር ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ ማምጣት ግድ ሆኖባት ነበር። ይህን የምለው የሐረማያን ሰው ለማማት አይደለም። ሁሉም ለቤቱ ነው የቀዳ።

በሌላ በኩል የቦረና ከብት አርቢዎች አሉ። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶቻቸው በጣም የቆዩ ናቸው። ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ሰው ወገን ኮንፊ ይባላል። የዕለቱን ተራ የሚያስጠብቀው ደግሞ አባ ሄሬጋ ነው። የማን ከብት ዛሬ ይጠጣል፣ የማን ነገ ይጠጣል የሚለውን እርሱ ያስተካክላል። ሥራው ላይ ያልዋለም ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ያለ ጽሕፈት በቃል የኖረ ሥርዓት ነው። እኛ ደግሞ አሁን እርሳስ አለን።

የእርሳሱን ጥቅም ከዚሁ ከአማራ ክልል ልንገራችሁ። በአዊ ዞን፣ በዳንግላ ወረዳ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው የዝናብን መጠንና የአምስት የእጅ ጉድጓዶችን ውሃ እየለኩ ይጽፉ ነበር። ተመራማሪዎች ጽሑፉን ከሌላ መለኪያ ጋር ሲያስተያዩት የሚታመን ሆኖ አገኙት። ይህን ያደረጉት እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ እኛም እንዲህ እናድርግ። አንድ ንጹሕ ገመድ እንያዝ፤ ጫፉ ላይ ታጥቦ የጸዳ ድንጋይ እንሰር። በየክንዱ ቋጠሮ እናድርግበት። የሰው ክንድ እኩል ስላልሆነ ገመዱ ለሁሉም ጉድጓድ አንድ ይሁን። በየወሩ በ1 ልደታና በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ ጠዋት ማንም ሳይቀዳ፣ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ስንት ክንድ እንደሆነ እንለካለን። ሁልጊዜ ከአንድ ምልክት ካለበት ድንጋይ ላይ ነው የሚለካው። ገመዱ መሬት ለመሬት አይጎተት፤ የሚጠጣ ውሃ ውስጥ ነውና የሚገባው። በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦

ጥቅምት 1። የላይኛው ጉድጓድ። 6 ክንድ።
ጥቅምት 16። የላይኛው ጉድጓድ። 6 ክንድ ከ1 ስንዝር።

አስተውሉ! ቁጥሩ ሲጨምር ውሃው ጎደለ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ደብተሩን ማን ይያዝ? በእኔ አስተያየት ሴቶች ይያዙት። የውሃ ኮሚቴ ሲመረጥ ወንበሩን የሚይዙት ወንዶች ናቸው፤ ጀሪካን ተሸክመው የሚመላለሱት ግን ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ገመዱ ትናንት የት ላይ እንደ ረጠበ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ተራውን መስማማት ያለብን በጥቅምት ነው፤ ጉድጓዱ ሞልቶ፣ ሰውም ጠግቦ ሳለ። በግንቦት ከተጠራ ስብሰባ የሚተርፈው ጠብ ነው። ውሃው ስንት ክንድ ሲወርድ ሞተር እንዲቆም፣ ስንት ሲወርድ ለአትክልት መቅዳት እንዲቀር፣ ከብትም በተራ እንዲጠጣ አስቀድመን እንወስን። ለመጀመሪያው ዓመት ሽማግሌዎች የሚያስታውሱትን እንጠይቃለን፤ ከዚያ ወዲያ ደብተሩ ይነግረናል። የሰው መጠጥ ከሁሉም ይቅደም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197ም ይህንኑ ይላል፤ ውሃም የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ጉድጓድ በእጅ ለመቆፈር ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ የእኛን ዓይነት ጉድጓድ በቅርብ ሊከታተል የሚችለው ጎረቤት ነው።

«የተለካ ነገር ግብር ይከተለዋል» የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ስለዚህ ደብተሩ ከመንደሩ አይወጣም፤ የሚቀመጠው እናንተ በመረጣችሁት ቤት ነው። ማንም ማየት የፈለገ እዚያው ሄዶ ያንብብ፤ ማንበብ ያልቻለም ያስነብብ።

የመጀመሪያውን መስመር በመጪው ልደታ ጠዋት እንጽፋለን። ጠንካራ ገመድ ያለው ሰው አጥቦ ይዞ ይምጣ፤ ድንጋዩን እኔ አመጣለሁ።