በእጃችን ያለው ስልክና የልጆቻችን ትምህርት



የተከበራችሁ የዋጃ ጀመዓ፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፤ ስለ ዲጂታል የትምህርት መሣሪያዎች እንድናገር ስጠየቅ ብዙዎቻችሁ ስልክ ልጆቻችንን አበላሸ ወይስ ጠቀመ የሚለውን ክርክር እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ለመሆኑ አንድ መሣሪያ የሚያስተምረው መቼ ነው?

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ሕዝቡ «ፕላዝማ» ያለው ነው፤ ከእናንተም በእርሱ የተማራችሁ አትጠፉም። የከተማውም የገጠሩም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኝ የሚለው ሐሳብ መልካም ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፍጥነቱም የተማሪውን ፊት አያይም። ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ቆይቶ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ያልገባው ልጅ «ቆይ» ሊለው አይችልም። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ሄደ። መምህሩም ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀረችው።

ይህንን እስቲ ከሉሕ ጋር አስተያዩት። ሉሕ እንጨት ነው። ልጁ የተጻፈለትን እስኪይዝ ግን ይጠብቀዋል። ልጁ ለኡስታዙ ያሰማል፤ ከተሳሳተ ይመለሳል፤ ከያዘ ሉሑ ታጥቦ ሌላ ይጻፍለታል። የሚጠብቅ መሣሪያና የሚያዳምጥ ሰው፤ ፕላዝማው የጎደሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የሚጠብቅ መሣሪያ በሀገራችን አልጠፋም። በ2006 ዓ.ም. ያኔ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት 8028 የተባለውን የገበሬዎች የስልክ መስመር ከፈተ። ጥሪው በነጻ፣ ስልኩም ማንኛውም ተራ ስልክ ነበር። ገበሬው ቁጥር እየተጫነ ስለ ሰብሉ በአማርኛ ይሰማል፤ ካልገባው ደግሞ ይደውላል። ማንበብ አለመቻል አላገደውም። እንደ እኛ ባለ ማሽላ አብቃይ ቆላ፣ ሰው ሥራው ላይ ሳለ የሚማረው እንዲህ ሲሆን ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መንግሥታት ትብብር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለ የኢንተርኔት ሥልጠና ተጀመረ። ክፍያ የለውም፤ ለጨረሰ ምስክር ወረቀት አለው። ቪዲዮውንም ማስቆምና መመለስ ይቻላል። ይሁንና እንግሊዝኛው የከበደው ልጅ ብቻውን ስልክ ላይ አጎንብሶ ስንት ቀን ይዘልቃል?

የኔትወርክም ነገር አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በራያና ቆቦ አካባቢ መብራትም ስልክም ትምህርትም የተቋረጡባቸው ወራት ነበሩ። ልጆቻችን ያኔ ያጡትን ገና አልሞሉም። ስለዚህ ለዋጃ የሚበጀው ኔትወርክ ሲኖር ወርዶ ሚሞሪ ላይ የተቀመጠ፣ መስመር ሲጠፋም የሚከፈት ትምህርት ነው።

ኮሚቴውን ኮምፒውተር ግዛ አልልም፤ ያ ይደረስበታል። በሳምንት ሁለት ቀን ከዐሱር በኋላ አንዲት ክፍል ይክፈትልን። አምስት ስድስት ተማሪ በአንድ ስልክ ዙሪያ ይቀመጥ፤ ተምሮ የመጣ ወንድም ወይም እህት ቪዲዮውን እያስቆመ በአማርኛ ያስረዳ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ የያዘውን ያሰማ። ስልኩ በየቤቱ ቀድሞ ለወንዱ ልጅ ነው የሚሰጠው፤ ቅር አይበላችሁና፣ ስለዚህ ከሁለቱ ቀን አንዱ የሴቶች ልጆች ይሁን።

ለማስተማር ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ ኢንሻ አላህ፣ ስማችሁን ለኮሚቴው ጸሐፊ አስመዝግቡ።